ጀግናው የራሱ ተዋናይ ሲሆን፦ ከአንኮበር ፉከራ እስከ አበበ ቢቂላ ፊልሞች



የዛሬው ንግግሬ ከውድድር አደባባይ ወደ ሲኒማ ስለሚያሻግረው መንገድ ነው። አንድ ባለድል በፊልም ሲታይ ታሪኩን የሚናገረው ማን ነው? ይህን ጥያቄ የምመረምረው ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በመንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በተባለ መንደር በተወለደው በሻምበል አበበ ቢቂላ አማካይነት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ የመንገዱን የታወቀ መልክ ላስቀምጥ። ጄት ሊ በቤጂንግ የዉሹ ቡድን ውስጥ ሠልጥኖ በ1970ዎቹ ደጋግሞ የቻይና ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1982 ደግሞ «ሻኦሊን ቴምፕል» በተባለው ፊልም ታወቀ። ይህ ሽግግር የቀለለው በአጋጣሚ አይደለም። እርሱ ያሸነፈበት የዉሹ ዘርፍ አስቀድሞ የተቀናበረ እንቅስቃሴ የሚታይበት ነው፤ ዳኛው የሚመዝነው የአካሉን ቅርጽ፣ ፍጥነትና ጥራት ነው። ካሜራውም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። በዚያ ላይ የሆንግ ኮንግና የቻይና የፊልም ሥራ የትግል ትዕይንት የሚያቀናብሩ ባለሙያዎችንና የስታንት ሠራተኞችን አፍርቶ ነበር። ሻምፒዮኑ ሲመጣ የሚቀበለው ሙያ ቆሞ ጠብቆታል።

በእኛ አገርስ? ተዋጊ ገድሉን በአካሉ የሚያሳይበት ሥርዓት ከሲኒማ እጅግ ይቀድማል። በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ የተላከው እንግሊዛዊው ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ፣ ተዋጊዎች ከዘመቻ ሲመለሱ በንጉሡ ፊት እንዴት ይፎክሩ እንደነበር በመጽሐፉ ጽፏል። ፎካሪው ጋሻና ጦሩን ይዞ፣ እየዘለለና እየተሽከረከረ የሠራውን ሥራ እንደገና ይሠራዋል። ስሙን፣ የፈረሱን ስም፣ የጣለውን ጠላት ይጠራል። በኦሮሞ ባህልም ጌራርሳ ተመሳሳይ አገልግሎት አለው። በእኔ አስተያየት የፉከራ ዋና ነገር ይህ ነው፦ ጀግናው የራሱ ተራኪ፣ የራሱም ተዋናይ ነው። ቢያጋንን የሚያርሙት አብረውት የዘመቱ ሰዎች እዚያው ቆመዋል።

አሁን ወደ አበበ እንመለስ። በልጅነቱ የገና ጨዋታ ተጫዋች የነበረው ይህ የክቡር ዘበኛ ወታደር በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደገመው። ጃፓናዊው ዳይሬክተር ኮን ኢቺካዋ በ1965 ባወጣው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ፊልም ካሜራውን በአበበ ፊት ላይ ለረጅም ጊዜ አሳረፈ። በ1976 ደግሞ «ማራቶን ማን» የተባለው የአሜሪካ ፊልም የአበበን የሩጫ ምስል ተጠቀመበት፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሯጭም የታሪክ ተማሪም ነው። እንግዲህ አበበ አንድም ቀን ተዋናይ ሳይሆን ምስሉ በዓለም ሲኒማ ተመላለሰ። ሰውነቱ ታየ፤ የሚናገረው ግን ሌላ ሰው ነበር።

በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሲታከም ቆይቶ በቀስት ተወዳደረ፤ ቀጥሎም ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ውድድር አሸነፈ። በ1973 በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ይህን የኋለኛውን ዘመን የተረከው በ2009 የወጣው «አትሌቱ» የተባለው ፊልም ነው። ከዴቪ ፍራንክል ጋር ያዘጋጀው ራሴላስ ላቀው አበበን ሆኖ ተጫውቷል። ፊልሙ የትወናውን ክፍል ከእውነተኛው የአበበ ምስል ጋር ያፈራርቃል፤ ኢትዮጵያ ለኦስካር ውድድር ያቀረበችው የመጀመሪያው ፊልምም ነው።

ከዚህ ጋር «ኢንዱራንስ»ን እናነጻጽር። በ1990ዎቹ መጨረሻ በተሠራው በዚህ ፊልም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱን ሆኖ ይጫወታል፤ የልጅነት ዘመኑን የሚጫወተው የወንድሙ ወይም የእህቱ ልጅ፣ የሥጋ ዘመዱ ነው። በ1996 አትላንታ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ያገኘውን ድል እንደ ፎካሪው ሁሉ ባለቤቱ ራሱ ያቀርበዋል። ይሁን እንጂ ልዩነት አለ። የፎካሪው አራሚዎች ጓዶቹ ነበሩ፤ በፊልም ግን የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይቆረጥ የሚለውን የሚወስነው አዘጋጁ ነው። ስለዚህ ባለታሪኩ ራሱ መጫወቱ ብቻ ፊልሙን ታማኝ ማስረጃ አያደርገውም።

ለታሪክ ተማሪ ትርጉሙ ይህ ነው። «አትሌቱ»ን ስትመለከቱ በ1960 የተቀረጸውንና በኋላ የተተወነውን ለዩ፤ ሁለቱም ምንጭ ናቸው፤ የሚመሰክሩት ግን ለተለያየ ዘመን ነው። የመጀመሪያው ስለ አበበ፣ ሁለተኛው ደግሞ አበበን ስለሚያስታውሰው ትውልድ ይናገራል። ልጁ ጽጌ አበበ ስለ አባቷ የጻፈችውን መጽሐፍም ከፊልሙ አጠገብ አስቀምጣችሁ አንብቡ። ከሁሉ በላይ ግን ጃቶና መንዲዳ ቅርባችን ናቸው። የአበበን ዘመን የሚያስታውሱ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ድምፃቸውን ካልቀረጽን፣ ለሚመጣው ትውልድ የሚቀረው የተዋናዩ ፊት ብቻ ይሆናል። አራሚ ጓድ የሌለበት ፉከራ ደግሞ ታሪክ አይባልም።