ከምደባ ደብዳቤ እስከ ውል ቅጽ፦ ሥራና ገንዘብ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ታሪክ



የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሥራ የመፈለግ ስልት አያውቅም፣ ገንዘብ አያያዝም አልተማረም የሚለው ወቀሳ በየስብሰባው ይደመጣል። ቀጣሪው ይናገረዋል፤ ወላጅ ይናገረዋል፤ እኛ መምህራንም በሻይ ሰዓት እንናገረዋለን። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ለወጣቱ ጠባይ ይሰጣል። በዚህ ሕዝባዊ ገለጻ ጉዳዩን በታሪክ ተማሪ ዓይን ልመለከተው እወዳለሁ። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ የአገራችን ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ለሥራ ፍለጋና ለገንዘብ አያያዝ በሥርዓተ ትምህርታቸው ውስጥ ቦታ ያልሰጡት ለምንድን ነው? የእኔ መልስ የቸልተኝነት ጉዳይ አልነበረም የሚል ነው። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው ሁለቱንም ሸክሞች መንግሥት በተሸከመበት ዘመን ነበር። በኋላ መንግሥት ሸክሙን ሲያወርድ የሚያነሣው ሌላ ትከሻ አልተዘጋጀም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሲከፈት ተማሪዎቹ መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ትምህርቱ፣ ምግቡና መኝታው በነጻ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በፊት የተማሩት ጥቂት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በጠላት እጅ አልቀው ስለነበር፣ መሥሪያ ቤቶች የሚጠባበቁት አንድ ሰው እስኪመረቅ ብቻ ነበር። ተማሪው ሥራን ሳይሆን ሥራ ተማሪውን በሚፈልግበት በዚያ ጊዜ ስለ ሥራ ፍለጋ የሚያስተምር ቢገኝ እንደ ቀልደኛ በተቆጠረ ነበር።

ከዚያ አስቀድሞ በ1930ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ግን ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። እዚያ የሒሳብ መዝገብ አያያዝና የጽሕፈት መኪና ይሰጥ ነበር፤ ተማሪዎቹም ወደ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ይገቡ ነበር። ነገር ግን ይህ የጸሐፊና የሒሳብ ሠራተኛ ዕውቀት ተደርጎ ተቆጠረ። በኋላም የቢዝነስ አስተዳደር ኮሌጅ በዩኒቨርሲቲው ሲቋቋም ሒሳብ አያያዝ የአንድ ክፍል ሙያ ሆኖ ቀረ እንጂ ታሪክ፣ ሕግ ወይም ፊዚክስ የሚያጠናውን አልደረሰውም። ገቢና ወጪ መመዝገብ የምሁር ሥራ አይደለም የሚለው ስሜት ከዚያን ጊዜ የተወረሰ ይመስለኛል። ዛሬም በመካከላችን አለ።

በሥራ ዝግጅት ረገድ ከዚህ የተለዩ ተቋማት አልጠፉም። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በ1944 ዓ.ም. በተፈረመ ስምምነት፣ በዛሬ ስሙ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በተባለው የአሜሪካ ተቋም እገዛ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ትምህርታቸውን የጀመሩት ጅማ ነበር። የኮሌጁ እምነት ማስተማር፣ ምርምርና ለገበሬው ዕውቀት ማድረስ አንድ ናቸው የሚል ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። ሦስቱ ከመመረቃቸው በፊት በጤና ጣቢያ በአንድ ቡድን ይሠሩ ነበር። እዚያ የሠለጠነ ሰው የሥራ ቦታው ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ከምረቃው በፊት ነው።

የበለጠ ልቆይበት የምፈልገው ግን የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ከተመረቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1957 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን፣ ማንኛውም የዲግሪ ተማሪ ከመጨረሻው የትምህርት ዓመት በፊት አንድ ሙሉ ዓመት በአገልግሎት እንዲያሳልፍ ተደረገ። ያለዚያ ዲግሪ አይሰጥም። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ በሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ፤ የተወሰኑት በየሙያቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠሩ። ዓላማው በግልጽ የመምህር እጥረትን ማቃለልና የተማረውን ወጣት ከሕዝቡ ጋር ማስተዋወቅ ነበር። በጊዜው በዩኒቨርሲቲው ያስተምር የነበረው ዴቪድ ኮርተን ከባለቤቱ ከፍራንሲስ ኮርተን ጋር ይህን አገልግሎት አጥንቶ ጽፎበታል። የታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ተማሪው የገጠሩን ድህነት በዓይኑ ያየበትና ለተማሪዎች ንቅናቄ ስንቅ የሆነ ዓመት መሆኑን አጥብቀው ይናገራሉ። እውነት ነው። ነገር ግን የፖለቲካው ወሬ ሌላውን ፍሬ ሸፍኖታል።

ያ ወጣት ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደማያውቀው አውራጃ ሲሄድ ምን ይገጥመው እንደነበር አስቡት። ቤት ይከራያል፤ ከአከራይዋ ጋር ዋጋ ይነጋገራል። ምግብ የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል፤ ወይም ከሌሎች መምህራን ጋር ተዳብሎ ወጪ ይካፈላል። በወር የሚሰጠውን አበል እስከ ወሩ መጨረሻ ማድረስ አለበት፤ ደርሶ ካላለቀለት የሚበደረው ከባለ ሱቁ ነው፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ ብድር ምሥጢር ሆኖ አይቀርም። ጠዋት ከርእሰ መምህሩ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ከሰዓት በዕድሜ ከእርሱ ብዙም የማያንሱ ተማሪዎችን ጸጥ ያሰኛል። ስለ እርሱ ሪፖርት ይጻፋል። በዚያ ዓመት ያለፉ አዛውንቶች ሲያወጉ እንደሰማሁት፣ ስለ ፖለቲካው ከሚናገሩት ይልቅ ስለ ቤት ኪራዩና ስለ መምህራን ዕቁብ የሚናገሩት ይረዝማል። ወደ ካምፓስ ሲመለሱ ከአንድ ዓመት በፊት የሄዱት ልጆች አልነበሩም።

ዛሬ «የሥራ ዝግጁነት» የምንለው ነገር በአገራችን ከሁሉ በላይ በተሟላ መልኩ የተሰጠው፣ በእኔ ግምት፣ ለሌላ ዓላማ በታሰበው በዚያ አገልግሎት ነበር። ስለ ገንዘብ ማንም ክፍል ውስጥ አላስተማራቸውም፤ ገንዘቡ ራሱ አስተማራቸው።

አብዮቱ ይህን ሥርዓት ቆረጠው። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፤ ያ ግን ዘመቻ እንጂ ሥራ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በደርግ ዘመን የተመራቂው ዕጣ ፈንታ በማዕከላዊ ምደባ ተወሰነ። ተማሪው በተመረቀ ማግስት የምደባ ደብዳቤ ይሰጠዋል፤ የባለ ዲግሪ መነሻ ደመወዝም 500 ብር መሆኑን አገር ሁሉ ያውቅ ነበር። ይህች 500 ብር ለዓመታት ሳትንቀሳቀስ ቆየች። ቦታውን መንግሥት መረጠ፣ ደመወዙን መንግሥት ቆረጠ፣ የሥራ ዋስትናውንም መንግሥት ሰጠ። ለተመራቂው የቀረለት ምርጫ 500 ብሩን እንዴት እንደሚያወጣው ብቻ ነበር፤ እርሱንም ከዕቁብ ዳኛው ጋር ይጨርሰዋል።

ስለ ዕቁብ አንድ ነገር ልጨምር። ዕቁብን እንደ ኋላ ቀር ልማድ የሚቆጥሩ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። ዕቁብ ግን የዲሲፕሊን ትምህርት ቤት ነው። መጠኑ የተወሰነ መዋጮ፣ የማይዘለል ቀን፣ በግልጽ የሚወጣ ዕጣ፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው። ከሁሉም በላይ ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ውል ምን እንደሆነ፣ ዋስትና ምን እንደሚያስከትል፣ የሰው ገንዘብ ይዞ መጥፋት ስምን እንዴት እንደሚያጠፋ አባቶቻችንና እናቶቻችን የተማሩት በዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጃቸው ግን ይህን ከቤት ይዞት ካልመጣ በስተቀር በካምፓስ የሚያገኝበት ቦታ አልነበረም።

የእኔ ትውልድ ካምፓስ የገባው ይህ ሁሉ ሊፈርስ ሲል ነው። ከእኛ ቀድመው የተመረቁት ደብዳቤ ተቀብለው ሄዱ። እኛ ስንደርስ የመንግሥት ለውጥ መጣ፤ በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያም በአንድ የአሜሪካ ዶላር 2.07 የነበረው የብር ምንዛሪ 5 ብር ገባ። በመምህርነትና በጤና ሙያ የሠለጠኑት ለተጨማሪ ዓመታት ምደባቸው ቢቀጥልም ለሌላው ተመራቂ በሩ ተዘጋ። ያን ጊዜ ነበር በአራት ኪሎና በፒያሳ አዲስ ባህል የተወለደው። ወጣቱ ጋዜጣ መግዛት ስለማይችል ከአዟሪው ላይ በጥቂት ሳንቲም ተከራይቶ፣ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያውን በደብተሩ ገልብጦ ይመልሳል። የአዲስ ዘመን ገጾች፣ በኋላም የሪፖርተር ገጾች፣ ለአንድ ትውልድ ሁለተኛ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚለውን መስመር ፍለጋ ስንት ዓይን ደከመ! የማመልከቻ ደብዳቤ አጻጻፍ የተማርነው ከሰሌዳ ላይ፣ የቃለ መጠይቅ ሥርዓት የተማርነው ከወደቅንባቸው ቃለ መጠይቆች ነው።

ከዚያ የዩኒቨርሲቲዎች መስፋፋት መጣ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። የተመራቂው ቁጥር ሲጨምር ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን ማንጠፍ የአደባባይ ክርክር ሆነ። በዚያ ክርክር ሥራው ይናቃል አይናቅም በሚለው ላይ ብዙ ተባለ። ያ ወጣት ለአራት ዓመት ሲዘጋጅለት የኖረው ሥራ የት ሄደ የሚለው ጥያቄ ግን ብዙም አልተነሣም።

በዚሁ መካከል ገንዘቡን የሚመለከተው ትልቁ ለውጥ በጸጥታ ገባ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 የወጪ መጋራትን ሥርዓት አቋቋመ። ተማሪዎች «ኮስት ሼሪንግ» የሚሉት ማለት ነው። ሐሳቡ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 ከጀመረችው ሥርዓት ጋር ይዛመዳል፦ ተማሪው አስቀድሞ አይከፍልም፤ ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ከገቢው ይቆረጥበታል። በእኛ ደንብ መሠረት ተጠቃሚው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርት ወጪው ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይሸፍናል፤ የሚከፍለውም ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ነው። የወር ደመወዙ 5,000 ብር የሆነ ሰው 500 ብር ይቆረጥበታል ማለት ነው።

ደንቡን በመሠረቱ አልቃወምም። ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለማድረስ ዕድል ያላገኘ ገበሬ በሚከፍለው ግብር ሌላው በነጻ የሚማርበት ሥርዓት ፍትሐዊ ነበር ብዬ አልከራከርም። የምከራከረው በአፈጻጸሙ ነው። በአገራችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ እያንዳንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባለ ዕዳ ሲሆን፣ ዕዳ ምን እንደሆነ የሚያስረዳ አንድ ሰዓት እንኳ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አልተመደበም። የ18 ዓመት ልጅ በምዝገባ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ከኋላው እየተገፋ፣ ውሉን ይፈርማል። በዕቁብ አንድ ዙር ለመውሰድ ዋስ የሚጠራ ሕዝብ ልጆች፣ ከሁሉ የሚረዝመውን የሕይወታቸውን ውል ሳያነቡት ይፈርማሉ። ብዙዎቹ ዕዳውን የሚያስታውሱት ለሁለተኛ ዲግሪ ወይም ለውጭ አገር ጉዞ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ሊያወጡ ሲመጡ ነው። ያን ጊዜ በየወሩ በጥቂቱ ሊከፈል የታሰበው በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። የደመወዝ ቆረጣው መደበኛ ቀጣሪ ያለውን ሰው ይይዛል፤ በራሱ ሥራ የሚኖረውን ወይም ተቀጥሮ የማያውቀውን ግን እስከዚያች ቀን አያገኘውም።

መፍትሔ ተብለው የቀረቡትን በአጭሩ ልለፍ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና የሙያ ዕውቀትን ይለካል፤ ለሥራ መዘጋጀትን ግን አይለካም፣ እንዲለካም አልታሰበም። የምህንድስና ተማሪዎች የኢንተርንሺፕ መንፈቅ ጥሩ ጅምር ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ተማሪው የትብብር ደብዳቤ ተሸክሞ ድርጅት የሚፈልገው በራሱ እግር ነው። የካሪየር ማዕከላትም ተከፍተዋል። የሁለት ቀን የሲቪ አጻጻፍ ሥልጠና አልንቅም፤ ነገር ግን ከ1957ቱ አገልግሎት ጋር ሳነጻጽረው ልቤ አይሞላም። አገልግሎቱን እንዳለ እንመልሰው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ያ አገልግሎት የቆመው በሁለት ነገር ነበር፤ ተማሪው ጥቂት፣ የመምህሩ ክፍት ቦታ ብዙ ነበር። ዛሬ ሁለቱም የሉም። ከዚያ ልንወስደው የምንችለው ደመወዝ ወይም አበል ያለበት፣ በዩኒቨርሲቲው ኃላፊነትና ክትትል የሚካሄድ፣ ከምረቃ በፊት የሚመጣና ለዲግሪ ግዴታ የሆነ ሥራ የሚለውን ሐሳብ ነው። በአንድ መንፈቅ ሊጀመር ይችላል። ከሁሉ በፊት በጀቱን ማን ይሸፍናል የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ለዚህም ከፋይናንስ ባልደረቦቻችን ጋር መነጋገር ይኖርብናል።

የገንዘቡን ነገር በተመለከተ ግን ሚኒስቴርንም በጀትንም መጠበቅ የለብንም። በዚህ ፋኩልቲ በመጪው መስከረም አዲስ ገቢዎች በሚመጡበት ሳምንት፣ የወጪ መጋራት ውሉን ከመፈረማቸው በፊት በክፍል ውስጥ አንቀጽ በአንቀጽ አብረናቸው እናንብብ። ምን ያህል እንደሚጠየቁ፣ መቼ መክፈል እንደሚጀምሩ፣ ቀሪውን የት ሄደው እንደሚጠይቁ ይወቁ። የመጀመሪያዋን ሰዓት እኔ አስተምራለሁ። የቅጹ ቅጂ በመግቢያው በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከሁለተኛ ዓመት በላይ ያላችሁ የፈረማችሁትን አሁን ልታነቡት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።