ክቡ የሚገጠምበት አዳራሽ፦ ተማሪዎች በውጭ አገር የሚያዘጋጁት የሰርቢያና የባልካን የባህል ምሽት

ስለ ስደተኞች ባህል የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ባህል በአገር ቤት ተፈጥሮ በውጭ አገር የሚታወስ ነገር እንደሆነ አድርጎ ይነሣል። በዚህ ዓይን ሲታይ በአንድ የምዕራብ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ጥቂት ሰርብ ተማሪዎች የሚያዘጋጁት የጭፈራ፣ የመዝሙርና የምግብ ምሽት የናፍቆት ማስታገሻ ከመሆን አያልፍም። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ሰርቦች «የእኛ» ብለው በመድረክ ከሚያቀርቡት ነገር ውስጥ ጥቂት የማይባለው ቅርጹን ያገኘው በውጭ ከተሞች፣ በተማሪዎች እጅ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ሂደት ከቪየና ጀምሮ ይከተላል፤ ከዚያም «የሰርቢያ ምሽት» የሚለው ስም «የባልካን ምሽት» በሚለው ሲተካ ምን እንደሚገኝና ምን እንደሚቀር ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከፍተኛ ትምህርት የፈለገ ሰርብ ወጣት ከአገሩ መውጣት ግድ ይሆንበት ነበር። ቤልግሬድ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ያገኘችው በ1905 ነው። ሕግ ወይም ሕክምና ለማጥናት የብዙዎች መንገድ ዛሬ የቡዳፔስት ክፍል ወደሆነችው ፔሽትና ወደ ቪየና ነበር። ከእነዚህ ተማሪዎች ብዙዎቹ የሃብስበርግ ዘውድ ተገዢዎች ስለነበሩ በሕግ ዓይን የውጭ ሰዎች አልነበሩም፤ በቋንቋና በሃይማኖት ግን እንግዶች ነበሩ። ተቋማቱም ይህንኑ ተከትለው በቀሉ። እስከ ዛሬ የሰርቦች ትልቁ የባህልና የሥነ ጽሑፍ ማኅበር የሆነው ማቲጻ ስርፕስካ የተመሠረተው በ1826 በፔሽት ሲሆን፣ ወደ ኖቪ ሳድ የተዛወረው በ1864 ነው። በጎ አድራጊው ሳቫ ቴኬሊያ በ1838 በዚያው በፔሽት ለሰርብ ተማሪዎች መኖሪያና የትምህርት ድጎማ የሚሰጥ ቤት አቋቋመ። ስሙ «ቴኬሊያኑም» ይባላል። በ1863 የቤቱ ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ዮቫን ዮቫኖቪች ዝማይ በሰርቢያ ሥነ ጽሑፍ ከታላላቆቹ ገጣሚዎች አንዱ ነው፤ በፔሽት ሳለም ሕክምና ያጠና ነበር።

ቪየና ደግሞ የሕዝብ ግጥሞች ሰብሳቢው የቩክ ካራጂች ከተማ ናት። የመጀመሪያውን የሕዝብ ግጥሞች ስብስቡን በ1814 ያሳተመው እዚያ ነው፤ በ1864 የሞተውም እዚያው ነው። በዙሪያው ከተሰበሰቡት ወጣቶች ሁለቱ ለዚህ ጥናት በተለይ ያስፈልጋሉ። አንዱ በቡዳ የተወለደው ኮርኔሊዬ ስታንኮቪች ነው። ቪየና ውስጥ የሙዚቃ ቅንብር ተምሮ፣ በቃል ሲወርድ የኖረውን የቤተ ክርስቲያን ዜማና የሕዝብ ዘፈን ለመዘምራን ቡድን በኖታ አቀናበረ። በአንድ ድምፅ ይዜም የነበረው በአራት ድምፅ መድረክ ላይ ወጣ ማለት ነው። ዛሬ «ጥንታዊ» እየተባለ የሚቀርበው የሰርቢያ የመዘምራን ዜማ መነሻው ይህ የተማሪ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ብራንኮ ራዲቼቪች ነው። በ1843 ሕግ ሊያጠና ቪየና ገባ፤ በ1847 የግጥም መጽሐፉን እዚያው አሳተመ፤ በ1853 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። «የተማሪዎች ስንብት» በሚለው ረጅም ግጥሙ ውስጥ ተማሪዎች ኮሎ የተባለውን ክብ ጭፈራ ይገጥማሉ፤ ወደ ክቡም የየአገሩ ሰው በየስሙ ይጠራል፦ ከሰርቢያ፣ ከቦስኒያ፣ ከሄርጸጎቪና፣ ከሞንቴኔግሮ፣ ከዳልማቲያ፣ ከክሮኤሺያ። በዚያን ጊዜ እነዚህ ሕዝቦች ከፊሎቹ በኦቶማን፣ ከፊሎቹ በሃብስበርግ አገዛዝ ሥር ተበታትነው ነበር፤ በአንድ ክብ ሊሰበሰቡ የሚችሉበት ምድር በካርታ ላይ አልነበረም። እኔ ይህን ግጥም የማነበው ለናፍቆት የተጻፈ እንደሆነ አድርጌ አይደለም። ከየአቅጣጫው የመጡ ወጣቶች በአንድ የባዕድ ከተማ በመገናኘታቸው ብቻ ሊታሰብ የቻለ ማኅበረሰብ አለ፤ ግጥሙ ያንን ማኅበረሰብ በክብ ጭፈራ ቅርጽ አስቀመጠው። ጎጆው ውስጥ የቀረ ገበሬ የመንደሩን ኮሎ ያውቃል። የሁሉንም ኮሎ ለማሰብ ቪየና መሄድ አስፈልጎ ነበር።

በ1863 የቪየና ሰርብ ተማሪዎች «ዞራ»፣ በእኛ አነጋገር «ንጋት»፣ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ከእንዲህ ዓይነት የተማሪ ማኅበራት የወረስነው የዝግጅት ዓይነት «ቤሴዳ» ይባላል። መጀመሪያ ንግግር፣ ቀጥሎ የመዘምራን ዜማ፣ የግጥም ንባብ፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ በመጨረሻም ወንበሮቹ ወደ ዳር ተገፍተው ጭፈራ። ገቢው ብዙ ጊዜ ለችግረኛ ተማሪዎች ይውል ነበር። ፖለቲካዊ ስብሰባ በሚጠረጠርበት ግዛት የባህል ምሽት የሚፈቀድ መሰባሰቢያ ነበር፤ መሰባሰቡ ራሱ ግን ፖለቲካ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1866፣ የዞራ ወጣቶች ባነሡት ጥሪ በኖቪ ሳድ «የተባበረ የሰርብ ወጣቶች ማኅበር» ተመሠረተ። ዕድሜው አጭር ሆነ፤ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ፈረሰ። የቤሴዳው ቅርጽ ግን ቀረ።

የቤሴዳው ዋና ቀን የቅዱስ ሳቫ በዓል ነው። በ1219 የመጀመሪያው የሰርቢያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ሳቫ በ1840 የሰርቢያ ትምህርት ቤቶች ጠባቂ ሆኖ ታወጀ፤ በዓሉ ዛሬ ጃንዋሪ 27 ይከበራል። የሃይማኖት በዓል የትምህርት በዓልም በመሆኑ፣ ሃይማኖተኛ ያልሆነውም ተማሪ ሊገባበት የሚችል በር ተከፈተለት። በስደት ያሉ ሰርቦች ዛሬም በዚህ ቀን ሲሰበሰቡ የሚከተሉት ቅደም ተከተል ያው የቪየናው ነው። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ከአገር ቤት ወደ ውጭ የሄደ የሚመስለው ሥርዓት በከፊል ከውጭ ወደ አገር ቤት የተመለሰ ነውና።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መድረኩ ወደ አሜሪካ ይሰፋል፤ እዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ይገባበታል። በፒትስበርግ የሚገኘው ዱኬን ዩኒቨርሲቲ ከ1937 ጀምሮ «ታምቡሪትዛንስ» የተባለውን የተማሪዎች ቡድን አስተናገደ። ስሙ ታምቡራ ከተባለው የክር መሣሪያ የመጣ ነው። ተማሪዎቹ እየጨፈሩና እየዘፈኑ የትምህርት ድጎማ ያገኙ ነበር። የፒትስበርግ የብረት ፋብሪካዎች ከደቡብ ስላቭ አገሮች ብዙ ሠራተኞችን ስለሳቡ፣ የቡድኑ ታዳሚ የነዚያው ሠራተኞች ቤተሰብ ነበር። በ1969 ደግሞ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን በመጀመሪያ ዲግሪ መቀበል በጀመረበት ዓመት፣ ተማሪዎቹ ሴቶች የስላቭ መዘምራን ቡድን መሠረቱ። የሳራዬቮ ተወላጇ የሙዚቃ ተመራማሪ ሚርያና ላውሼቪች በ2007 በታተመው መጽሐፏ እንዳሳየችው፣ በአሜሪካ የባልካን ሙዚቃና ጭፈራ ከሚያዘወትሩት ሰዎች አብዛኞቹ ከባልካን የዘር ሐረግ የላቸውም። ለተማሪ አዘጋጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በአዳራሹ ውስጥ ከራሳቸው ይልቅ ጭፈራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ የውጭ ሰው ሊኖር ይችላል።

ጭፈራው ራሱ የውጭ ሰው እንዲገባበት ይፈቅዳል። ኮሎ የሚገጠመው እጅ ለእጅ በመያያዝ ነው፤ ክቡ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ በቀኝ ጫፍ «ኮሎቮጃ» የተባለው መሪ ይቆማል፣ አዲስ ገቢ ከኋላ በጅራቱ በኩል ይያያዛል። በሰርቢያ በጣም የተስፋፋው ዓይነት እርምጃው አጭርና ተደጋጋሚ ስለሆነ ያላወቀ ሰው ከጎኑ ያለውን እያየ በጥቂት ዙር ይይዘዋል። የጭፈራ አጥኚዎቹ እኅትማማቾች ዳኒጻና ልዩቢጻ ያንኮቪች ከ1934 እስከ 1964 ባሳተሟቸው ስምንት ጥራዞች የየአካባቢውን እርምጃ ሲመዘግቡ ብዙ የአካባቢ ልዩነት አሳይተዋል። ከዚያ ብዝኃነት ለተማሪዎች ምሽት የሚተርፈው ግን ትንሽ ነው። ምክንያቱም ተራ ነው፦ የተማሪ ማኅበር አባል በሦስት ወይም በአራት ዓመት ተመርቆ ይሄዳል። አንድ ጥሩ መሪ ሲመረቅ የሚያውቀው ነገር አብሮት ይወጣል፤ የሚቀረው ማንም በአንድ ምሽት ሊማረው የሚችለው ብቻ ነው።

በማኅበሩ ውስጥ የሚገናኙት ወጣቶችም አንድ ዓይነት አይደሉም። በቪየና ወይም በቺካጎ ያደገው የስደተኛ ልጅ ብዙ ጊዜ ከሕፃንነቱ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በፎክሎር ቡድን ሠልጥኗል፤ የየክልሉን ልብስና የተቀናበረ ጭፈራ ያውቃል፤ ቋንቋው ግን ሊከብደው ይችላል። ከቤልግሬድ በቅርቡ የመጣው ተማሪ ቋንቋው ሙሉ ነው፤ ኮሎን የሚያውቀው ከሠርግ ነው፣ በከተማ ያደመጠውም ሮክና ራፕ ነው። የመጀመሪያው መድረክና ተመልካች ይፈልጋል። ሁለተኛው ሁሉም የሚገባበትን ጭፈራ ይፈልጋል፣ ወይም ጨርሶ የገጠር ልብስ እንዲቀር ይፈልጋል። በእነዚህ ምሽቶች ላይ የሚነሣው ክርክር «ትክክለኛው ባህል የቱ ነው?» የሚል ቢመስልም፣ ሥሩ ሁለት የተለያዩ አስተዳደጎች ናቸው። በእኔ አስተያየት ጥሩ አዘጋጅ አንዱን መርጦ ሌላውን አይዘጋም፤ ቤሴዳው አስቀድሞ መፍትሔውን ሰጥቷል፤ መጀመሪያ መድረኩ፣ ከዚያ ወለሉ።

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ። ዩጎዝላቪያ በ1991 መፍረስ ስትጀምር በውጭ ያሉ ተማሪዎች የጋራ ስማቸውን አጡ። የስም መጥፋት ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደሚያደርግ ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ይቻላል፤ በስድስት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት የቆመውን የየካቲት 12 ሐውልት የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች እዚህ የሚታወቁት «የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች» በሚል ነው፤ በትውልዳቸው ክሮአቶች ናቸው፤ አገሪቱም የለችም። ለተማሪዎቹ ጥያቄው ይበልጥ የሚቸግር ነበር። በአንድ ዩኒቨርሲቲ አሥር ሰርቦች፣ አራት ቦስኒያውያን፣ ስድስት ቡልጋሪያውያንና ሦስት አልባኒያውያን ቢኖሩ፣ ለብቻው አዳራሽ የሚሞላ ማንም የለም። «ባልካን» የሚለው ስም ሁሉንም ይሰበስባል።

ስሙ ያለ ዕዳ አልመጣም። የታሪክ ተመራማሪዋ ማሪያ ቶዶሮቫ በ1997 ባሳተመችው ሥራዋ እንዳብራራችው፣ ባልካን በምዕራቡ ዓለም አነጋገር ለረጅም ጊዜ የኋላ ቀርነትና የደም መፋሰስ መጠሪያ ሆኖ ኖሯል። ተማሪዎች ይህንኑ ስም አንሥተው የግብዣ ስም ማድረጋቸው ድፍረት አለው፤ አከብረዋለሁ። ችግሩ የሚመጣው ስሙ ልዩነትን ለመሸፈን ሲውል ነው። የቡልጋሪያዋ የፊልም ዳይሬክተር አዴላ ፔኤቫ በ2003 በሠራችው «ይህ ዘፈን የማን ነው?» በተባለው ዘጋቢ ፊልም አንድን ዜማ ይዛ ከቱርክ እስከ ቡልጋሪያ ትዞራለች፤ በግሪክ፣ በአልባኒያ፣ በቦስኒያ፣ በመቄዶንያና በሰርቢያ ሁሉም የእኔ ነው ይላታል። በሰርቢያዋ ቭራንዬ ከተማ ዜማው በቦስኒያ ሙስሊሞች ሲዘፈን የተቀዳውን ስታሰማ ጠረጴዛው በቁጣ ይበተናል። የባልካን ምሽት አዘጋጅ ሁሉ ይህን ፊልም ሊያይ ይገባዋል። ያ ጠረጴዛ በየትኛውም አዳራሽ ሊደገም ይችላል፣ በተለይ የኮሶቮ ጉዳይ ሲነሣና የትኛው ባንዲራ ይሰቀል የሚለው ሲመጣ።

የመንግሥታት አሠራር አይረዳም። ዩኔስኮ በ2011 የክሮኤሺያን የዝምታ ክብ ጭፈራ፣ በ2017 የሰርቢያን ኮሎ ለየብቻ መዘገበ። ግን በዚያው በ2017 የማርች 1ን የጸደይ ሥርዓት ቡልጋሪያ፣ ሰሜን መቄዶንያ፣ ሞልዶቫና ሮማኒያ በጋራ አስመዝግበዋል። በጋራ መመዝገብ እንደሚቻል ተማሪዎቹ ማወቃቸው ይጠቅማል፤ የፕሮግራም ወረቀታቸውም በዚያው መንፈስ ሊጻፍ ይችላል፦ ይህ ዜማ በዚህ አገር እንዲህ፣ በዚያ አገር እንዲያ ይዘፈናል ተብሎ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ስሙ የማይጠራ አንድ ሕዝብ አለ። የባልካን ምሽትን ወለል የሚሞላው ከምንም በላይ የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎች ሙዚቃ ነው፤ ከ1961 ጀምሮ በሰርቢያ ጉቻ በሚካሄደው የመለከት ፌስቲቫልና በኤሚር ኩስቱሪጻ ፊልሞች አማካይነት ዓለም ያወቀው። በዚህ ሙዚቃ ከታወቁት መሪዎች ብዙዎቹ፣ ቦባን ማርኮቪችን ጨምሮ፣ ሮማ የተባለው ሕዝብ ልጆች ናቸው። በ1988 ቢዬሎ ዱግሜ የተባለው የሳራዬቮ የሮክ ቡድን ያወጣው «ጁርጄቭዳን» መነሻው የሮማዎች የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ዘፈን «ኤደርሌዚ» ነው። ሰርቡም ቦስኒያዊውም ዛሬ እንደ ራሱ ዘፈን በእንባ ይዘፍነዋል። ሮማ ተማሪዎች ግን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ጥቂት በመሆናቸው በአዘጋጅ ኮሚቴው ውስጥ አይገኙም። ሕዝቡ በአገሩ ከትምህርት እንደተገፋ ሙዚቃው ብቻውን ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። ይህ በእነዚህ ምሽቶች ላይ ከሚነሡት የባለቤትነት ጥያቄዎች ሁሉ የከበደው ሆኖ ሳለ፣ በባንዲራና በስም ክርክር ከተያዘው ጊዜ እኩሌታውን እንኳ አያገኝም።

ለወደፊት ጥናት የሚያሳስበኝ የማስረጃ ጉዳይ ነው። የ19ኛውን ምዕተ ዓመት ቤሴዳ የምናውቀው በኖቪ ሳድ የታተመውን «ዳኒጻ»ን የመሰሉ ጋዜጦች ማን ምን እንደ ዘመረ፣ የትኛው ግጥም እንደ ተነበበ ስለ ጻፉ ነው። የዛሬው ምሽት መረጃ በስልክ የመልእክት ቡድኖች ውስጥ ይቀመጣል፤ አባላቱ ሲመረቁ ቡድኑ ይዘጋል። እያንዳንዱ ማኅበር ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አንድ ገጽ ቢያስረክብ፣ የተጨፈሩትን ጭፈራዎች፣ ያስተማረው ሰው ከየት እንደተማራቸው፣ የተዘፈኑት ዘፈኖች በየትኛው ቋንቋና በማን አቀናባሪነት እንደሆኑ ቢጻፍበት፣ ኮሎ በውጭ አገር እንዴት እንደተለወጠ ከግምት ወጥቶ በማስረጃ ሊጠና ይችላል። ማቲጻ ስርፕስካን የመሰሉ ተቋማትም፣ ራሳቸው በውጭ ከተማ የተወለዱ ናቸውና፣ እነዚህን ገጾች የመቀበል ሥራ ሊጀምሩ ይገባል።