ከተሰበረ በኋላ የሚቀር ጥንካሬ፤ የቫዮንት ተራራ ታሪክ

መግቢያ

ሰው ቤት ሲሠራም ሆነ ድልድይ ሲዘረጋ ከጥንት ጀምሮ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ይህ ነገር እስኪሰበር ድረስ ምን ያህል ይሸከማል?» የሚል ነው። «ከተሰበረ በኋላስ ምን ያህል ኀይል ይቀረዋል?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ግን በመሐንዲሶች ስሌት ውስጥ ተገቢውን ስፍራ ያገኘው እጅግ ዘግይቶ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው የዚህን የሁለተኛውን ጥያቄ ታሪክ ሲሆን፣ ለምሳሌ የመረጥነው በሰሜን ኢጣልያ በቫዮንት ሸለቆ የደረሰውን ጥፋት ነው። የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የጥናቱ አመጣጥ

ለዐፈር ጥንካሬ ስሌት መሠረት የጣለው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኩሎም ነው። ኩሎም በ1773 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጥናት ጥንካሬ ከሁለት ነገሮች እንደሚገኝ አስረዳ፤ አንደኛው የቅንጣቶቹ እርስ በርስ መያያዝ ነው፤ ሁለተኛውም ሰበቃ፣ ማለት አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት የሚነሣው መፋተግ ነው። ከእርሱም በኋላ አሌክሳንደር ኮላን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በሸክላ ዐፈር ዳገቶች ላይ የደረሱትን ናዳዎች እየመረመረ በ1846 መጽሐፍ አሳተመ። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን በስሌት ይገባ የነበረው በአብዛኛው ዐፈሩ ከመሰበሩ በፊት የሚደርስበት ከፍተኛ ጥንካሬ ነበር።

በ1964 እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ስኬምፕተን ለንደን ላይ ባደረጉት የራንኪን ንግግር ነገሩን ግልጥ አደረጉት። ጽኑ ሸክላ ዐፈር ሲገፋ ኀይሉ እየጨመረ ሄዶ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም ይሰበራል። ግፊቱ ከቀጠለ ግን ኀይሉ እየቀነሰ ይሄድና በመጨረሻ ከማይወርድበት ልክ ላይ ይቆማል። «ቀሪ ጥንካሬ» የሚባለውም ይህ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ በስብራቱ ላይ ዐፈሩ ውኃ እየሳበ ይላላል፤ ደግሞም እንደ ገለባ በየአቅጣጫው ተበታትነው የነበሩት ጠፍጣፋ ቅንጣቶች በመንሸራተቻው መስመር ይደረደራሉ፤ ስለዚህም ገጹ ይለሰልሳል። ፕሮፌሰሩ ከጠቀሷቸው ምሳሌዎች አንዱ የዎልተንስ ዉድ ናዳ ሲሆን፣ በዚያ የሰበቃው ማዕዘን ከ21 ዲግሪ ወደ 13 ዲግሪ ወርዶ ተገኝቷል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ከባድ ነው። የተሰበረ አጥንት ወጌሻ ካሸው ይገጥማል፤ የተሰበረ ሸክላ ዐፈር ግን በላዩ ሣርና ዛፍ ቢበቅልበትም፣ እርሻ ቢታረስበትም፣ ከውስጥ የመንሸራተቻው ገጽ እንደ ተሰበረ ይኖራል።

የቫዮንት ነገር

የቫዮንት ግድብ ከ1957 እስከ 1960 ተሠራ፤ ከፍታውም 261.6 ሜትር ነው። ከሐይቁ በስተግራ ቶክ የሚባል ተራራ አለ። የአገሩ ሰዎች ይህን ስም «የበሰበሰ» ከሚል የአካባቢ ቃል ጋር ያያይዙት ነበር። የግድቡ ንድፍ አውጪ የካርሎ ሴሜንዛ ልጅ የሆነው የመሬት ተመራማሪ ኤዶአርዶ ሴሜንዛ ከባልደረባው ከጁዲቺ ጋር በ1960 ባቀረበው ጥናት፣ የተራራው ጎን በጥንት ዘመን ተንሸራትቶ የቆመ ታላቅ ናዳ መሆኑን ገለጠ። ስለ አደጋው አስቀድማ የጻፈችው ጋዜጠኛ ቲና ሜርሊንም የሐሰት ወሬ ነዛሽ ተብላ ተከሳ፣ በዚያው ዓመት በነፃ ተለቀቀች።

ኖቬምበር 4 ቀን 1960 700,000 ሜትር ኩብ ያህል መሬት ወደ ሐይቁ ወረደ። በተራራውም ላይ 2 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ታየ። ውኃው ሲቀነስ እንቅስቃሴው ቆመ። ከዚህ የተነሣ አንድ አሳብ ጸና፤ ይኸውም ዳገቱ የሚንቀሳቀሰው ውኃው መጀመሪያ ሲያርሰው ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ከዚያው ከፍታ ቢደርስ ግን አይናወጥም የሚል ነበር። እንግዲህ አንድ ጊዜ መንቀሳቀሱ እንደ ደኅንነት ምልክት ተቈጠረ ማለት ነው። በትንሽ ሞዴል ላይ በተደረገ ሙከራም፣ ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ከ700 ሜትር እስካላለፈ ድረስ የሚያሰጋ ነገር የለም ተባለ። ሙከራው ያሰበው ናዳ ግን 40 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ብቻ ነበር።

አበው «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። በሴፕቴምበር 1963 ሐይቁ 710 ሜትር ደረሰ፤ ዳገቱም መፍጠን ጀመረ። ውኃውን ቢቀንሱትም እንደ ቀድሞው አልቆመም፤ በመጨረሻም በቀን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። ኦክቶበር 9 ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ሲሆን፣ 270 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ተራራ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ውኃው ግድቡን ዘሎ ሎንጋሮኔን ጠራርጎ ወሰደ፤ 2,000 ያህል ሰዎችም ሞቱ። በዚያች ሌሊት ሐይቁ የነበረው 700 ሜትር ገደማ ላይ ነበር።

ሄንድሮንና ፓተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 ባወጡት ጥናት፣ በኖራ ድንጋዩ ንጣፎች መካከል ስስ የሸክላ ዐፈር ድርብርቦች መኖራቸውንና ናዳውም የጥንቱ ናዳ እንደገና መንቀሳቀሱ መሆኑን አስረዱ። እንግዲህ በዚያ ገጽ ላይ የቀረው ቀሪ ጥንካሬ ብቻ ነበር። በዚህ ግን አንድ ችግር ይነሣል፤ ቀድሞ የተሰበረ ነገር ከዚያ በላይ የሚያጣው ኀይል ጥቂት ስለ ሆነ፣ ቀስ ብሎ ሊንፏቀቅ ይገባው ነበር። ታዲያ ስለ ምን ያን ያህል ፈጠነ? አንዳንዶች መፋተጉ በስብራቱ ውስጥ ያለውን ውኃ አሙቆ ግፊቱን ስለ ጨመረው ነው ይላሉ፤ ሊቃውንቱ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ማጠቃለያ

ግድቡ ያን ሁሉ ማዕበል ተሸክሞ ዛሬም ቆሟል። ስለ ሲሚንቶው የተደረገው ስሌት ትክክል ነበር፤ በሚገባ ያልተሰላው ተራራው ነው። ይህም ነገር የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በአገራችን በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የአባይን ሸለቆ የሚያቋርጠው መንገድ በመሬት መንሸራተት በተደጋጋሚ ተጐድቷል። እንዲህ ባለው ስፍራ የሚሠራ መሐንዲስ ስለ መሬቱ ጥንካሬ ከመጠየቁ በፊት ስለ መሬቱ ታሪክ ሊጠይቅ ይገባዋል እንላለን፤ ይህም ዳገት ከዚህ ቀደም ተንሸራትቶ ያውቃልን? መልሱ «አዎን» ከሆነ፣ ስሌቱ መጀመር ያለበት ከቀሪው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡት የመሬት ተመራማሪውና በስፍራው የኖሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ በቫዮንት ግን ሁለቱም ተናግረው በሚገባ አልተሰሙም።