የቶሪኖ ብረት በጎንደር ተራራ

የሰው እጅ ሥራ ሠሪው ካለበት አገር እጅግ ርቆ ይደርሳል። ጆቫኒ አኜሊ የተባለው የኢጣልያ ሰው አስቀድሞ የፈረሰኛ ጦር መኰንን ነበረ፤ በ1891 ዓ.ም. ከባልንጀሮቹ ጋራ በቶሪኖ ከተማ ፊያት የተባለውን የመኪና ፋብሪካ አቆመ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለሠራዊቱ የጭነት መኪናና ሞተር እየሠራ ከበረ፤ በ1915 ዓ.ም. ሴናተር ሆነ።

የዚያ ፋብሪካ ብረት በ1928 ዓ.ም. ወረራ ወደ ሰሜኑ ክፍላችን መጣ። ፊያትና አንሳልዶ በኅብረት የሠሩት ትንሽ ታንክ ታኅሣሥ 5 ቀን በሽሬ አገር በደምበጓና ላይ ከራስ እምሩ ጦር ጋራ ተገናኘ። መትረየሱ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይዞርም ነበርና፥ ተከዜን የተሻገሩት አርበኞች በጎንና በኋላ እየቀረቡ ሰበሩት። ነገር ግን የአንዱ መሰበር ሌላውን አላስቀረም፤ መጋቢት 23 ቀን የፋሽስት ፓርቲ ጸሓፊ አኪሌ ስታራቼ 3000 ያህል ጦር በመኪና ጭኖ ከኦምሐጀር በኩል ጎንደር ገባ። በዚያ ዘመን የኢጣልያ ሠራዊት ስንቁንና ጥይቱን ከሚያመላልስባቸው መኪናዎች ብዙዎቹ የፊያት ነበሩ። ለመኪና ሲባልም የሊማሊሞ ገደል ተቈርጦ መንገድ ወጣበት።

ኢጣልያ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ ግን የስዊዝ በር ተዘጋባት። ቤንዚንና ጎማ በባሕር መምጣት ተቸገረ፤ መኪና ደግሞ እንደ በቅሎ ከመስክ ሣር አይበላም። ወልቀፊት በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። በጥቅምት የፊያት ሥራ የሆነ ሲ አር 42 አይሮፕላን በጎንደር አካባቢ ተመትቶ ወደቀ፤ በምሥራቅ አፍሪካ የኢጣልያ የመጨረሻው የአየር ውጊያ ይህ ነበረ። ኅዳር 18 ቀን ጀኔራል ናዚ ጎንደርን አስረከበ።

አኜሊም በ1937 ዓ.ም. ከፋሽስት ጋራ አብሯል ተብሎ በነፃ አውጪው ኮሚቴ ከፋብሪካው አመራር ተነሣ፤ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. አረፈ።

«እኔ ሸጥሁ እንጂ አልተኰስሁም» የሚል ነጋዴ በየዘመኑ አይጠፋም። ብረት ወዴት እንደሚላክ አያውቅም፤ ዋጋውን የሚቀበል ሰው ግን ያውቃል። ስለዚህ የጦርነትን ታሪክ የሚጽፍ ሰው አዛዡን ብቻ ሳይሆን ሠሪውንም ይጠይቅ። ለጎንደር ግን የቀረላት መንገዱ ነው፤ ወራሪው ለጦር ያወጣውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ባላገሩ እህሉን ጭኖ ወደ ገበያ ወረደበት።