የሰበር ውሳኔ በኪስ

እስቲ ስሙኝ፤ ሕግ ከሊቅ አፍ ወጥቶ ስልክ ውስጥ እስኪገባ የመጣበትን መንገድ ላውጋችሁ።

ድሮ ሕግ የሚገኘው ከሰው ነበር። በጎጃም ደብሮች ፍትሐ ነገሥትን አንቀጽ በአንቀጽ፣ ከነትርጓሜው የያዘ ሊቅ ይኖራል፤ ነገር ሲከር ወደ እሱ ይኬዳል። በአደባባይ በላ ልበልሃ ሲባል ደግሞ አንደበቱ የቀና ይረታል፤ አንደበት የሌለው ጠበቃ ያቆማል።

ከዚያ ሕጉ ታተመ። በ1934 ዓ.ም ነጋሪት ጋዜጣ ወጣ፤ በ1949 የወንጀለኛ መቅጫው፣ በ1952 የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ተከተለ። በ1956 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። አዋቂ ማለት እንግዲህ መጽሐፉ ያለው ሰው ሆነ።

ከቡሬ ገጠር የመጣው ባለጉዳይስ? እሱ የሚያውቀው ከፍርድ ቤቱ ደጅ የተቀመጠውን ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው ሁለት ወረቀት በካርቦን ደርቦ ታይፑ ውስጥ ይከትና፣ «በሉ አባቴ፣ ከሥር ከመሠረቱ ንገሩኝ» ይላል። ሽማግሌው ከአያታቸው ይጀምራሉ፤ ጸሐፊው ከዚያ ሁሉ ወሬ ለዳኛው የሚሆነውን ለቅሞ ያወጣል።

በ1997 ዓ.ም ትልቅ ለውጥ መጣ። አዋጅ ቁጥር 454 መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የሚያርመው የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል አለ። አዋጅ 1234/2013ም ይህንኑ አጸና። አያችሁ! አዲስ አበባ የተሰጠ ትርጉም የጃቢ ጠህናን ወረዳ ዳኛንም ይይዛል። ታዲያ በምን ይድረሰው? ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታተሙ፤ ከዚያ ድረ ገጽ ላይ ወጡ፤ ከዚያ በፍላሽና በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሕግ የሚማር የፍኖተ ሰላም ልጅ ቅጾቹን ሁሉ በኪሱ ይዞ ይሄዳል። ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። «ህግ» ብሎ ሲፈልግ ጽሑፉ ውስጥ ያለው «ሕግ» ከሆነ፣ ስልኩ የለም ሊለው ይችላል። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበው ሲገለበጥ የማይነበብ ምልክት ይሆንበታል፤ ስካን የተደረገው ደግሞ እንደ ፎቶ ነው፣ ቃል አይፈለግበትም። ጎበዙ በሃሌታውም በሐመሩም ይሞክራል፤ እንቢ ሲለው ገጽ በገጽ ይገልጣል። ሲያገኝም አይቸኩልም፤ ሰበር የራሱን ትርጉም ሊለውጥ ስለሚችል የኋለኛውን ውሳኔ ያያል።

የገበሬው ነገር ደግሞ አብዛኛው መሬት ነው። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 አለ፤ የይዞታ ደብተሩ መረጃም ከነካርታው ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ድሮ ድንበር በሽማግሌ ምስክር ይለይ ነበር። አሁን ጠበቃው ካርታ ማንበብ አለበት፤ ካርታው የሳተ እንደሆነ ግን የሚያቀናው ያው የአገር ሽማግሌ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም መስማት አለበት።

ፈተናም መጣ። በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን ጦርነት ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ጠፍቶ ቆየ። ቀድሞ ስልኩ ላይ ያወረደ አነበበ፤ በኔትወርክ ብቻ የተማመነ ባዶ እጁን ቀረ። በዚያው ዓመት የመውጫ ፈተና ለሁሉም የዲግሪ ተመራቂ በኮምፒውተር ተጀምሮ ነበርና፣ ኔትወርክ ለተማሪው የትምህርቱም የሥራውም ጉዳይ ሆኗል።

እኔ የምለው ይህን ነው። መጽሐፍ መያዝ ብቻውን ጠበቃ የሚያሰኝበት ዘመን አልፏል፤ ሕጉ የሁሉም እጅ ገብቷል። ከባለሙያው የሚፈለገው ትክክለኛውን ውሳኔ አጣርቶ ማውጣትና ማንበብ ለማይችለው ሰው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ነው። የሕግ ትምህርት ቤቶች ይህን እንደ አንድ ትምህርት ያስተምሩ። ፍርድ ቤቶችም ውሳኔያቸውን ቃል በሚፈለግበት ጽሑፍ ያውጡልን፤ የሚያስገድድ ሕግ፣ የሚገደድበት ሰው ሊያገኘው ይገባል።