የእብናት ጣቢያ ለምን ተበተነ?

ጣራ ገዳምን ተጠግታ ከተቆረቆረችው አዲስ ዘመን ተነስቶ ወደ ወረታ የሚወርድ ሰው፣ ርብና ጉማራ በክረምት እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ይቀበለዋል። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ እብናት የዞረ እንደሆነ ግን ዝናብ የሚያጥረው፣ ድንጋይ የበዛበት አገር ውስጥ ይገባል። የ77 ድርቅ ሲነሳ ኮረምን የማያስታውስ የለም፤ እብናትን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። በሚያዝያ 1977፣ ረሃቡ ከየመንደሩ ነቅሎ እብናት የእርዳታ ጣቢያ ያሰፈረው ከ30 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ በወታደር እየተገደደ እንዲወጣ ተደረገ፤ የተጠለለበትም ጎጆ ተቃጠለ። መንግሥት ዝናብ ስለጣለ ገበሬው በገዛ ፈቃዱ ወደ እርሻው ተመለሰ አለ። የተባበሩት መንግሥታትን የእርዳታ ሥራ በኢትዮጵያ ይመሩ የነበሩት ፊንላንዳዊው ኩርት ያንሶን አቤት ሲሉ፣ መንግሥቱ ኃይለማርያም ጥፋቱን በአካባቢው ባለሥልጣናት ላይ አላከኩት። የአካባቢ ስህተት ነው የሚለውን መልስ አልቀበለውም። ደርግ ሠራዊትም ካድሬም አነሰኝ የማይል መንግሥት ነበር፤ ረሃብተኛው ግን ተሰብስቦ ሲያየው ይፈራው ነበር። እብናት የዚያ ፍርሃት ውጤት ነው።

ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሳም። ደርግ ራሱ በረሃብ ምስል ወደ ሥልጣን የወጣ መንግሥት ነው። የወሎን እልቂት ያሳየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ከንጉሡ ግብዣ ጋር እየተፈራረቀ በቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነበር፤ በማግስቱ ዘውዱ ወረደ። የተራበ ሕዝብ አንድ ቦታ ተኮልኩሎ ሲታይ ዙፋን እንደሚነቀንቅ ከደርግ መኮንኖች የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ በ1976 መጋቢት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለጋሾችን ሰብስቦ 450 ሺህ ቶን እህል ሲለምን፣ አዲስ አበባ በሌላ በኩል ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ትሸለም ነበር። መስከረም 1977 ኢሠፓ ተመሠረተ፣ የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮርያውያን እርዳታ ተሠርቶ ተመረቀ። ሰልፍ የሚወጣውን ሕዝብ መንግሥት ራሱ ጠርቶታል፣ ቦታውን መድቦለታል፣ መፈክሩንም ሰጥቶታል። ኮረም ላይ የተሰበሰበውን ግን ማንም አልጠራውም፤ ጥቅምት 13 ቢቢሲ ሲያሳየው ዓለም አየው።

ይህ ጠባይ የደርግ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ወደ በርማ መሻገር ይጠቅማል። ሚያዝያ 24 ቀን 2000 ናርጊስ የተባለው አውሎ ነፋስ የኢራዋዲን ወንዝ አፍ፣ የሩዝ ማሳውንና መንደሩን ጠራርጎ ወደ 138 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ ወይም ደብዛው ጠፋ። የጄኔራል ታን ሽዌ መንግሥት ግን ባሕሩ ላይ የቆሙትን የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች እርዳታ አላስገባም፤ ለሕገ መንግሥቱ የቀጠረውንም ሕዝበ ውሳኔ አልሰረዘም፤ ክፉኛ በተመቱት ወረዳዎች ብቻ ለሁለት ሳምንት አዘገየው። ከሁሉ ከእብናት ጋር የሚመሳሰለው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ግንቦት ሳይወጣ በትምህርት ቤትና በገዳማት የተጠለሉ ተፈናቃዮች ወደ መንደራችሁ ግቡ እየተባሉ ወጡ፤ የመንግሥት ጋዜጣም የወንዙ አፍ ሰው ዓሣና እንቁራሪት እየያዘ ያለ ባዕድ ቸኮሌት መኖር ይችላል ብሎ ጻፈ። ገዳማቱ ደግሞ በዚያው ዓመት መስከረም መነኮሳት ለተቃውሞ የወጡባቸው ናቸው።

አንድ ተቃውሞ በቁም ነገር መታየት አለበት። ጣቢያ ራሱ ይገድላል፤ ተፋፍጎ በሚኖር ደካማ ሕዝብ ውስጥ ኩፍኝና ተቅማጥ ይዛመታሉ። ገበሬውም የክረምቱን እርሻ ካመለጠ የሚቀጥለው ዓመትም ረሃብ ነው። ታዲያ ሚያዝያ ላይ ወደ ቀዬው መመለሱ ምን ክፋት አለው? በመርህ ደረጃ ምንም የለበትም፤ የእርዳታ ሠራተኞችም ይህን ያውቁ ነበር። ነገሩ ያለው በሚይዘው ስንቅ ላይ ነው። ወደ ቤቱ የሚገባ ገበሬ ዘር ይፈልጋል፤ ሁለት በሬ ይፈልጋል፤ እነዚያ በሬዎች ደግሞ ወይ አልቀዋል ወይ ለእህል ተሸጠዋል። ማሳው ከመዘራቱ በፊት ደጋግሞ መታረስ አለበት፤ የሚያርሰው ሰው እግሩ ያበጠ፣ ቆሞ መሄድ ያቃተው ነው። ዝናቡ ቢሰምርለት እንኳ እሸት እስኪደርስ አምስት ወር ገደማ የሚበላው ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ አሟልቶ ሰውን መሸኘት ማቋቋም ይባላል። ጎጆ አቃጥሎ ማባረር ግን ሰውየው ተመልሶ እንዳይመጣ ማድረግ ብቻ ነው፤ ለእርሻው የታሰበ ቢሆን ኖሮ እሳት ምን ይሠራ ነበር?

የንጉሡስ መንግሥት ረሃብ አልደበቀም ወይ የሚል ይኖራል። ደብቋል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ የወሎ ረሃብተኞችም በፖሊስ ይመለሱ ነበር። መደበቅ የወታደር ብቻ ሙያ ነው አላልኩም። ልዩነቱ ያለው በአቅሙ ነው፤ የጃንሆይ መንግሥት ገበሬውን በየጎጡ ችላ ብሎ ተወው፣ ደርግ ግን እስከ ቀበሌ በዘረጋው መዋቅር እያነሳ የሚያስቀምጠው ሆነ።

ይህ አቅም መልካምም አልሠራም ማለት አይደለም። ፎገራ ዛሬ የሩዝ አገር የሆነው በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በደራ ጅግናና በፎገራ ሻጋ አምራች ማኅበራት ሩዝ ስላስጀመሩ ነው። ጎርፍ የሚተኛበት መሬት ጤፍን ቢያስመርርም ለሩዝ ተስማማው። ዋናው መስፋፋት የመጣው ግን ማኅበራቱ ከፈረሱ በኋላ፣ ገበሬው በራሱ ስሌት ሲዘራው ነው፤ ባለቤቶቹም ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩት፣ ጠላም ጠመቁበት። ትእዛዝ ዘሩን አመጣ፤ አዋጭ መሆኑን የወሰነው ግን ገበሬው ነው። የእብናቱ ሰው ይህን የመወሰን ዕድል አላገኘም።

የቀረው የጦርነቱ ነገር ነው። አካባቢው ሽምቅ ተዋጊ የሚንቀሳቀስበት ነበር፤ ሠራዊቱም ጣቢያውን የአማፂ ስንቅ ቤት አድርጎ ቢያየው አይገርምም ይባላል። አይገርምም፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ወታደር አገር ሲያስተዳድር ማንኛውም ስብስብ ወይ የወገን ወይ የጠላት ሆኖ ይታየዋል፣ እህልም ከጥይት ጋር ይመደባል። በዚያው ዘመን ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ በተለይ ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ፣ ለሰፈራ ተብሎ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ መተከል ፓዌ ተጓጓዘ። ያለፈቃዱ የተጫነው ብዙ ነበር፤ ይህን በይፋ የኮነነው የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በ1978 ከአገር ተባረረ። እህል ከወደብ እስከ ተራበው መንደር የሚያደርስ ጭነት መኪና ጠፋ በሚባልበት ወራት፣ ሰፋሪ የሚያመላልሱ መኪናዎችና የሶቪየት አንቶኖቮች ተገኝተዋል።