«አሟሟቴን አሳምረው»፦ የምሕረት ግድያ በኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን በግሪክኛ ስሙ «መልካም ሞት» ማለት ነው። ቃሉ ለእኛ ባዕድ ቢሆንም ምኞቱ ባዕድ አይደለም። እናቶቻችን ሲጸልዩ «አሟሟቴን አሳምረው፤ አልጋ ላይ ጥለህ ለሰው ሸክም አታድርገኝ» ይላሉ። ብዙ የተሠቃየ በሽተኛ ጠይቆ የሚወጣ ጎረቤትም በሹክሹክታ «ምነው ባሳረፈው» ይላል። በሁለቱም አነጋገሮች ውስጥ አሳራፊው ፈጣሪ ነው። ይህንኑ ሥራ ሰው በእጁ ቢፈጽመው ሕጋችን ግድያ ይለዋል። ይህ አቋም ከየት እንደ መጣ ልንመረምር ነው የተሰበሰብነው።

ከጥንቱ ልጀምር። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ራሱን የገደለ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢም አይቀበርም። ሆኖም ሥርዓቱ ጨርሶ በሩን የዘጋ አልነበረም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ጢሞቴዎስ ስለዚሁ ጉዳይ ተጠይቆ፣ ሟቹ አእምሮውን ስቶ ያደረገው ከሆነ ጸሎት ሊደረግለት እንደሚችል፣ ካህኑም ነገሩን በጥንቃቄ መመርመር እንዳለበት መልሷል። ስለዚህ ከድርጊቱ ጀርባ ያለውን የሰውየውን ሁኔታ መጠየቅ ዘመናዊ ሕግ የፈጠረው ነገር አይደለም።

ቋንቋችንም ይህን ልዩነት ያውቃል። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በሽጉጣቸው ሕይወታቸውን ሲያጠፉ፣ አስከሬናቸው ያረፈው እዚያው በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬም ብዙዎቻችን «ራሳቸውን ሰዉ» እንላለን እንጂ «ራሳቸውን ገደሉ» ማለት ይከብደናል። ድርጊቱ አንድ ሆኖ ሳለ ግሡ የተለየው በምክንያቱ ነው። የሕግ ባለሙያ ይህን ማጤን ይኖርበታል፤ ምክንያት ምን ያህል ይመዝናል የሚለው የክርክሩ ሁሉ ማዕከል ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በ1949 ዓ.ም. የታወጀውና ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አርቃቂ ዣን ግራቨን የጄኔቫ የሕግ ሊቅ ነበሩ፤ ረቂቁንም በፈረንሳይኛ ጻፉ። የአገራቸው የስዊዘርላንድ የወንጀል ሕግ በ1937 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ1942 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለ ነው። በዚያ ሕግ አንቀጽ 115 መሠረት ሌላው ራሱን እንዲገድል የረዳ ሰው የሚቀጣው በራስ ወዳድነት ተነሣሥቶ ከሆነ ብቻ ነው፤ ያለ ጥቅም የረዳ አይቀጣም። በዚህች ጠባብ ቀዳዳ በኩል ነው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ መሞት ለሚፈልጉ ሕሙማን እርዳታ የሚሰጡ ማኅበራት የተቋቋሙት። አንቀጽ 114 ደግሞ በሟቹ አጥብቆ መጠየቅ የፈጸሙትን ግድያ ከተራው ግድያ ለይቶ ቅጣቱን ያቀልለታል።

ስዊዛዊው አርቃቂ ለኢትዮጵያ ያዘጋጁት ሕግ ግን በሁለቱም መንገድ አልሄደም። አንቀጽ 525 ሌላውን ሰው ራሱን እንዲገድል ያነሣሣን ወይም የረዳን ሁሉ፣ ምክንያቱ ርኅራኄም ቢሆን ጥቅም፣ ቀጪ ነው። ራስ ወዳድነት በስዊዘርላንድ ለወንጀሉ መኖር ቅድመ ሁኔታ ሲሆን በእኛ ሕግ ቅጣቱን የሚያከብድ ምክንያት ሆነ። በጥያቄ ስለ መግደል የሚናገር የተለየ አንቀጽም የለም። ራሱን ለመግደል ሞክሮ የተረፈውን ሰው ግን ሕጉ አይቀጣም። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ከአንድ ማኅበረሰብ ወደ ሌላው የተገለበጠ ሕግ አለመሆኑን ከሚያሳዩ ጥሩ ምሳሌዎች አንዱ ነው። ለተማሪዎቻችን «ሕጎቻችን ከአውሮፓ የተቀዱ ናቸው» ብለን በአንድ ዐረፍተ ነገር ስናልፍ እንዲህ ያለው ነገር ያመልጠናል።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህንኑ ይዘት በአንቀጽ 542 ይዞ ቀጠለ። የተረዳው ሰው ከሞተ ረዳቱ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ሟቹ አካለ መጠን ያልደረሰ ከሆነ ወይም ረዳቱ ውርስን የመሰለ ጥቅም ፈልጎ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። መርፌውን በእጁ የወጋ ሐኪም ደግሞ ከዚህ አንቀጽ ወጥቶ በአንቀጽ 540 ሥር ይወድቃል፤ ቅጣቱም ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው። የበሽተኛው ፈቃድ አያድነውም። በአንቀጽ 82 መሠረት የተከበረና ከጥቅም የራቀ ምክንያት ቅጣት ያቀልል እንደ ሆነ እንጂ ድርጊቱን ከወንጀልነት አያወጣውም።

ከኩልፎ ምንጭ በላይ ባሉት የጋሞ ደጋዎች ነገሩ በሌላ ቋንቋ ይነገራል። ጎሜ የሚባለው ጥሰት የአድራጊው የግል ኃጢአት ሆኖ አይቀርም፤ ጦሱ ለቤተሰብ፣ ለከብት፣ ለአዝመራ ይተርፋል፤ የሚፈታውም ተናዝዞ በሽማግሌ ፊት ነው። በዱቡሻ ሸንጎ ያደገ ሰው «ሕይወቴ የእኔ ብቻ ናት» የሚለው መከራከሪያ ቢያስገርመው አይፈረድበትም።

የሆነ ሆኖ የሕጋችን ሌላኛው ገጽ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን እንቢ ማለት እንደሚችል ደንግጓል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ በሽተኛ ሞትን ከማዘግየት የመታቀብ መብት አለው፤ ሞትን በማፋጠን የመረዳት መብት ግን የለውም። ሌሎች አገሮች ይህን መስመር ተሻግረዋል፤ ኔዘርላንድስና ቤልጅየም በ2002 እ.ኤ.አ.፣ ካናዳ በ2016 እ.ኤ.አ.። በአህጉራችን በ2015 እ.ኤ.አ. የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለአንድ የካንሰር ሕመምተኛ ፈቅዶ ነበር፤ አመልካቹ ግን ውሳኔው ከመሰጠቱ ጥቂት ሰዓታት አስቀድሞ ዐርፎ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው።

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። በአንቀጽ 20 የተጻፈው እንቢታ በአገራችን ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በበሽተኛው አንደበት አይደለም። ሐኪሙ ምርመራውን ለቤተሰብ ይነግራል፤ ቤተሰቡ ከታማሚው ይደብቃል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ «ቤቱ ይረፍ» ተብሎ በሽተኛው ወደ መንደሩ ይመለሳል። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከጋሞ ደጋ የሚነሣ ገበሬ ይህን መንገድ በሬውን ሸጦ ነበር የሚጓዘው። እንዲህ ያለውን መመለስ የነፃ ፈቃድ ውሳኔ ብዬ መጥራት ይከብደኛል። የአውሮፓውን ክርክር እንዳለ አምጥቶ «ይፈቀድ ወይስ ይከልከል» ማለትም ለእኛ ጥያቄውን ከመሐሉ መጀመር ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሕመሙ የሚታገሥለት ሰው ሞትን ይጠይቅ ይሆን ወይ የሚለውን ገና አልሞከርንም። በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የጀመረው የማስታገሻ ሕክምና ወደ ገጠር ወረዳዎች በሚገባ አልዘለቀም።

ለሕግ ተማሪዎቻችን አንድ ነገር ልተው። ጠና ያለ ሕመም ላለበት ሰው ሞርፊን የሚሰጥ ነርስ መድኃኒቱ ትንፋሽን ሊያዳክም እንደሚችል ያውቃል። አንቀጽ 58 ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ያደረገን ሰው ሆን ብሎ እንዳደረገ ይቆጥረዋል። አንቀጽ 69 በበኩሉ በሙያው የታወቀ አሠራር መሠረት የተፈጸመና ከባድ የሙያ ጥፋት የሌለበት ድርጊት አያስቀጣም ይላል። በእኔ ንባብ ሕመምን ለማስታገስ በልክ የተሰጠ ሞርፊን የሚዳኘው በሁለተኛው ነው፤ ነርሱ የሚፈራው ግን የመጀመሪያውን ነው። እርሱ እየፈራ ሳለ መድኃኒቱ በቁልፍ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ በሽተኛውም ሌሊቱን ሙሉ ያቃስታል።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።